የውድድር ሕግና የአንድ ሳንቲሜትር ዋጋ

ሰው ከሰው ጋር ኃይሉንና ዕውቀቱን የሚፈትንበት ውድድር ሁሉ በሁለት ነገር ይቆማል። አንደኛው የተወዳዳሪው ብርታት ሲሆን፣ ሁለተኛው ብርታቱ የሚመዘንበት ሕግ ነው። ብርታት ጠፍቶ ሕግ ብቻ ቢኖር ሜዳው ባዶ ይሆናል፤ ሕግ ጠፍቶ ብርታት ብቻ ቢኖር ደግሞ ውድድሩ ወደ ጠብ ይለወጣል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክቱ መንፈሳዊውን ተጋድሎ በሜዳ ተወዳዳሪ መስሎ ሲያስተምር፣ ሥርዓቱን ሳይጠብቅ የተጋደለ ሰው የድል አክሊል እንደማይቀዳጅ አመልክቷል። ይህ ትምህርት ስለ ነፍስ የተነገረ ቢሆንም፣ በዚህ ዘመን በእግራቸው ለሚሮጡት የኢትዮጵያ ልጆችም በቀጥታ የሚደርስ ሆኖ ተገኝቷል።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ወደ ሲ.ኤም.ሲ.ና ወደ አያት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ጉርድ ሾላ የሚባለው ሰፈር ይገኛል። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ያለው በዚሁ ሰፈር ነው። ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይና ከሌላውም ክፍለ ሀገር በሩጫ ስሙን ለማስጠራት የሚነሣ ወጣት ሁሉ፣ የሀገሩን ስም ይዞ ወደ ውጭ የሚወጣው በዚህ ጽሕፈት ቤት ሥራ ሥር አልፎ ነው። ስለዚህ ስለ ሩጫና ስለ ሕጉ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጉርድ ሾላ ላይ ይደርሳል። ዛሬ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄም ይህ ነው፤ ለሯጭ ብርቱ እግር ብቻ ይበቃዋልን፣ ወይስ እግሩ የሚለካበትን ልክ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል?

ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ በተከበረ ማግስት፣ በኦስትርያ ዋና ከተማ በቪየና የማራቶን ሩጫ ተደርጎ ነበር። ኢትዮጵያዊው አትሌት ደራራ ሁሪሳ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ፈጽሞ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ነገር ግን ሩጫው ካለቀ በኋላ ጫማው ሲመረመር፣ የሶሉ ውፍረት 5 ሳንቲሜትር ሆኖ ተገኘ፤ በሕግ የተፈቀደው ግን 4 ሳንቲሜትር ነበር። የውድድሩ አዘጋጆች እንደ ገለጹትም፣ አስቀድሞ በወረቀት ያስመዘገበው ጫማና በእግሩ ያጠለቀው ጫማ አንድ አልነበሩም። በዚህ ምክንያት ውጤቱ ተሰርዞ፣ በ3 ሰከንድ ተቀድሞ የነበረው ኬንያዊው ሌናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ።

ይህ ሯጭ ብርታት ጎድሎት አልነበረም። ከዚያ በፊት ጥር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በከተራ ዕለት፣ በሕንድ አገር በሙምባይ በተደረገው ማራቶን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አሸንፎ የዚያን ውድድር ክብረ ወሰን ያሻሻለ ሰው ነው። በቪየና የጎደለው የእግር ጉልበት ሳይሆን፣ ከትንሽ ጣት ውፍረት የማይበልጥ አንድ ሳንቲሜትር መጠንቀቅ ነበር። የብዙ ዓመት ድካም፣ የንጋት ብርድ፣ የዳገት ላብ ሁሉ በዚያች አንዲት ሳንቲሜትር ጠፋ። እንግዲህ በዚህ ነገር ማዘን የሚገባ ሲሆን፣ ከማዘን ይልቅ መማር ይበልጣል።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ «የሰው ልጅ በጫማው ውፍረት የሚፈረድበት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ዓይነት ሕግ ለምን እንዳስፈለገ በግልጥ የሚታየው ግን ከእግር ሩጫ ይልቅ በመኪና እሽቅድምድም ታሪክ ውስጥ ነው። ምክንያቱም በዚያ ሜዳ የሰው ብልሃትና የሕግ ወሰን ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ሲታገሉ ኖረዋልና፣ በጫማ ላይ የደረሰው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በመኪና ላይ ደርሷል።

ፎርሙላ ዋን የሚባለው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሲልቨርስቶን ተጀመረ። የሚሽቀዳደሙት መኪናዎች ተራ አውቶሞቢል አይደሉም፤ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ፣ አራቱም ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ የተጋለጠ ናቸው። በመጀመሪያው ዘመን የመሐንዲሶቹ አሳብ ሁሉ ሞተሩን ማበርታት ላይ ነበር። በኋላ ግን አየር ራሱ እንደ ሞተር ሊያገለግል እንደሚችል ተረዱ። አውሮፕላን በክንፉ አማካይነት ወደ ላይ ይነሣል፤ ያንኑ ክንፍ ገልብጦ በመኪና ላይ ቢያቆሙት መኪናውን ወደ ምድር ይጫነዋል። ወደ ምድር የተጫነ ጎማ መንገዱን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ነጂው በመታጠፊያው ላይ ሳይንሸራተት በታላቅ ፍጥነት ያልፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እምብዛም የማይታወቀው ጫና በ200 ኪሎ ሜትር እጅግ ታላቅ ይሆናል።

በ1968 እ.ኤ.አ. ክንፎች በእነዚህ መኪናዎች ላይ መታየት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ መሐንዲሶቹ ክንፉን በቀጫጭን ምሰሶዎች ከነጂው ራስ በላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። የሚከለክል ሕግ አልነበረምና ማንም ሊወቅሳቸው አልቻለም። በሚያዝያ ወር መጨረሻ 1961 ዓ.ም.፣ ማለት በሜይ 1969 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በሞንጁይክ በተደረገው ውድድር ግን የሎተስ ኩባንያ ሁለት መኪናዎች ክንፋቸው ተሰብሮ፣ ግራሃም ሂልና ዮኸን ሪንት የሚባሉት ነጂዎች ከመንገዱ ጠርዝ ብረት ጋር ተጋጩ። ሁለቱም በሕይወት መትረፋቸው የሚያስደንቅ ነበር። በዚያው ወር በሞናኮ በተደረገው በሚቀጥለው ውድድር ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ክንፍ ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ሕጉ የመጣው ከአደጋው በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ያልተነገረ ልክ በሰው አካል ላይ ተለካ።

ከዚህ በኋላ የሎተስ ሹም ኮሊን ቻፕማንና ረዳቶቹ ዓይናቸውን ከመኪናው በላይ አንሥተው ወደ ሆዱ መለሱ። በሰፊ ሜዳ በዝግታ የሚፈስ ወንዝ በጠባብ ገደል ሲገባ እንደሚፈጥን፣ አየርም በመኪናው ወለልና በመንገዱ መካከል በጠበበው ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ በፈጠነም ጊዜ ግፊቱ ይቀንሳል። ከላይ ያለው አየር በርትቶ ከታች ያለው ስለሚደክም መኪናው ወደ ምድር ይሳባል። አየሩ ከጎን እንዳይገባም በመኪናው ዳርና ዳር እስከ መንገዱ የሚደርስ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መከለያ አደረጉለት። በ1978 እ.ኤ.አ. ማሪዮ አንድሬቲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ዓይነት መኪና ነው።

በዚያው ዓመት ጎርደን መሪ የሚባል የብራባም ኩባንያ መሐንዲስ ከዚህ የረቀቀ ነገር አመጣ። በመኪናው በስተ ኋላ ታላቅ ማራገቢያ አድርጎ ከወለሉ ሥር ያለውን አየር እንዲመጥ አደረገ። የሚንቀሳቀስ የአየር መሣሪያ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ፣ «ማራገቢያው ዋና ሥራው ሞተሩን ማቀዝቀዝ ነው» የሚል መልስ ተሰጠ። ኒኪ ላውዳ በዚህ መኪና በስዊድን አገር አንድ ጊዜ ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን መኪናው ከውድድር ወጣ።

በ1981 እ.ኤ.አ. የሚንሸራተተው መከለያ ተከለከለና፣ የመኪናው አካል ከምድር 6 ሳንቲሜትር ከፍ እንዲል ታዘዘ። ይሁን እንጂ መለኪያው የሚደረገው መኪናው ቆሞ ሳለ ነበር። የብራባም መሐንዲሶች ይህን ተመልክተው፣ መኪናው ሲቆም 6 ሳንቲሜትር ከፍ የሚል፣ ሲሮጥ ግን የአየሩ ጫና ወደ ምድር የሚያወርደው መሣሪያ ሠሩ። ሌሎቹም ሊከተሏቸው ተገደዱ። እዚህ ላይ የሕጉ ፊደል ተጠብቆ መንፈሱ ተሽሯል። የመጻሕፍት ሊቃውንት ፊደልንና መንፈስን ለይተው የሚያውቁ ስለ ሆኑ ይህን ለመረዳት አይቸግራቸውም፤ ልኩ የታወቀ፣ መለኪያው ግን ደካማ የሆነ ሕግ ብልጥን ይጠቅማል፣ ቅኑን ይጎዳል። በመጨረሻም በ1983 እ.ኤ.አ. የመኪናዎቹ ወለል ጠፍጣፋ እንዲሆን ተወሰነ።

ቀጥሎ የመጣው ሕግ ግን ከሁሉ ይልቅ ቀላልና ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ዓ.ም. በኢጣልያ በኢሞላ ብራዚላዊው አይርተን ሴና በውድድር ላይ ሞተ፤ በዋዜማው ቀንም በዚያው ስፍራ ኦስትርያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ሞቶ ነበር። ከዚህ ሐዘን በኋላ መኪናዎቹ ወደ መንገዱ እጅግ እንዳይቀርቡ ለማድረግ፣ በሆዳቸው ሥር 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እንዲለጠፍ ታዘዘ። ውድድሩ ሲያልቅ ጣውላው ይለካል፤ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ተፍቆ ከተገኘ መኪናው ከሕግ በላይ ወደ ምድር ወርዷል ማለት ነውና ውጤቱ ይሰረዛል። ጣውላው መንገዱ ላይ ሲፈጋ ራሱ ምስክር ይሆናል እንጂ ሌላ ምስክር አያሻውም። በዚያው ዓመት ሚካኤል ሹማኸር በቤልጅግ አገር ያገኘው ድል በዚሁ ጣውላ ምክንያት ተሰረዘ። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኦስቲን 2ኛ የወጣው ሉዊስ ሃሚልተንና 6ኛ የወጣው ሻርል ለክለር በዚሁ ሕግ ውጤታቸውን አጡ። ሃሚልተን ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ ጣውላው ግን ታላቅነቱን አላየም፣ ውፍረቱን ብቻ ተናገረ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይገኛል። ሕጉ በቁጥር የሚለካ ሊሆን ይገባል፤ መለኪያው ለሁሉ አንድ ሊሆን ይገባል፤ ልኩም ከውድድሩ በፊት በሁሉ ዘንድ የታወቀ ሊሆን ይገባል። እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉ የተቀጣ ሰው ቢያዝን እንኳ ተበደልሁ ሊል አይችልም። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ያሸነፈውም ድሉን ሙሉ ሆኖ አያገኘውም፤ የተሸነፈውም ሽንፈቱን በልቡ አይቀበለውም።

በመኪናው ሕግ ውስጥ ሌላም ሊስተዋል የሚገባ ፍርድ አለ። ኩባንያዎች የመኪናቸውን ቅርጽ የሚመረምሩት ነፋስ በሚነፍስበት የመፈተኛ ዋሻ ውስጥ ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ፣ አንደኛ የወጣው ኩባንያ ለዚህ ምርመራ ከተወሰነው መጠን 70 በመቶ ብቻ ሲያገኝ፣ ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር 5 በመቶ እየተጨመረ 10ኛው ኩባንያ 115 በመቶ ያገኛል። የበረታው እንዳይሮጥ አልተከለከለም፤ ነገር ግን ሀብት ሀብትን እየሳበ ውድድሩ የአንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን ለደካማው መንገድ ተተወለት። በዚሁ ዓመት የወለሉ ሕግ የተለወጠውም በዚህ መንፈስ ነበር። ቀድሞ የሚሄደው መኪና አየሩን እያመሰ ለሚከተለው ስለሚያበላሽበት፣ ተከታዩ ቀርቦ መሽቀዳደም ይቸገር ነበርና፣ ይህ መታወክ እንዲቀንስ ታስቦ ነው።

አሁን ወደ ጫማው እንመለስ ቢባል፣ ነገሩ ያንኑ መንገድ ተከትሎ የመጣ ሆኖ ይገኛል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የናይኪ ኩባንያ ሶሉ ወፍራምና እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ፣ በመካከሉም ከካርቦን የተሠራ ጠንካራ ዝርግ ያለበት የማራቶን ጫማ ለገበያ አወጣ። ሯጩ ሲረግጥ ሶሉ ይታመቃል፣ ሲያነሣ ጉልበቱን መልሶ ይሰጠዋል። ኩባንያው የሯጩን ድካም በመቶ 4 እንደሚያቀልል ለማመልከት ቁጥሩን በጫማው ስም ላይ ጨመረበት። ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በዚያችው በቪየና ከተማ የማራቶንን ርቀት በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጸመ። እግሩ ላይ የነበረው ለገበያ ያልቀረበ አዲስ ጫማ ነበር። 41 ሯጮች እየተፈራረቁ፣ ነፋሱ እንዳይመታው በዙሪያው ተሰልፈው አጅበውታል፤ እንግዲህ የመኪና መሐንዲሶች የደከሙበት የአየር ጥበብ በሰው ሩጫም ላይ ገባ ማለት ነው። ይህ ሩጫ በውድድር ሥርዓት ያልተደረገ ስለ ሆነ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም።

ሰዓቶች እንዲህ በፍጥነት መውረድ በጀመሩ ጊዜ፣ የሚሮጠው ሰውዬው ነው ወይስ ጫማው የሚለው ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. አትሌት ቀነኒሳ በቀለ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ከጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን የለየው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሁለት ሰከንድ የዓለምን ታሪክ በምትለይበት ቦታ፣ በመቶ 4 ማለት ምን ያህል እንደ ሆነ ማንም ሊገምተው ይችላል። ስለዚህ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ወሰን አበጀ፤ ሶሉ ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡም ከአንድ በላይ ጠንካራ ዝርግ እንዳይኖር አዘዘ። በመም ላይ ለሚደረገው ሩጫ ደግሞ ወሰኑ ከዚህ ያነሰ ሲሆን፣ ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመም ሩጫ 20 ሚሊሜትር ሆኗል። የመኪናው ጣውላ 10 ሚሊሜትር፣ የመንገድ ሩጫው ሶል 40 ሚሊሜትር፤ የሁለቱም ሕግ ነፍስ አንድ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ አሳብ ይሰማል። አንዳንዶቹ፣ «ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አላሸነፈምን? እንግዲህ ይህ ሁሉ ጫማ ምን ይረባል?» ይላሉ። የአበበ ድል የማይደበዝዝ ክብር ነው። ነገር ግን ያው አበበ ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ድል ሲያገኝ ጫማ አድርጎ እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። ጀግናው ባዶ እግርን እንደ ሃይማኖት አልያዘውም፤ በሁለቱም ጊዜ ሕጉ በፈቀደው መንገድ ሮጦ አሸነፈ።

ሌሎቹ ደግሞ፣ «ዕውቀት ወሰን የለውም፤ ብልህ ሰው ያገኘውን ጥበብ ሕግ ለምን ያስረዋል?» ይላሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሆነው የአትሌት ትዕግሥት አሰፋ ሥራ ነው። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ፈጽማ፣ የቀድሞውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሻሻለች። በእግሯ ያጠለቀችው የአዲዳስ ኩባንያ ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ዋጋውም 500 የአሜሪካ ዶላር የነበረ ነው። ጫማው አዲስና ረቂቅ ነበር፤ ነገር ግን በወሰኑ ውስጥ የተሠራ ስለ ሆነ ድሏን ማንም ሊነካው አልቻለም። እንግዲህ ሕግ ጥበብን አላሰረም፤ ጥበብ የት ድረስ መሄድ እንደሚችል አመለከተ እንጂ። በቪየናና በበርሊን መካከል ያለው ልዩነት በዕውቀትና በድንቁርና መካከል ያለው ልዩነት ሳይሆን፣ ልኩን አስቀድሞ በማረጋገጥና ባለማረጋገጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እግዚአብሔር ኖኅን መርከብ እንዲሠራ ባዘዘው ጊዜ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በክንድ ቆጥሮ ነገረው። ሙሴም ድንኳኑን ከማቆሙ በፊት የሳንቃውና የመጋረጃው ልክ ተሰጠው። እንጨቱ ተቆርጦ፣ መጋረጃው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ልኩ ቢነገር ኖሮ፣ የሠራተኛው ድካም ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። ልክ ከሥራ በፊት ሲነገር መሪ ነው፤ ከሥራ በኋላ ሲነገር ግን ቅጣት ብቻ ነው። አንድ ሯጭ የጫማውን ልክ መጀመሪያ የሚሰማው በባዕድ አገር፣ ሩጫውን ከፈጸመ በኋላ፣ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ፣ ሕጉ ለእርሱ መሪ ሳይሆን ወጥመድ ሆኖበታል ማለት ነው።

ስለዚህ በባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፣ በጉርድ ሾላው ፌዴሬሽን፣ በክልል ስፖርት ቢሮዎችና በክለቦች ኃላፊነት የተሰጣቸው ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በመጀመሪያ የጫማው ሕግና የተፈቀዱት ጫማዎች ዝርዝር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና ሯጮች በሚናገሩት በሌላውም ቋንቋ፣ ከሥዕል ጋር እየተዘጋጀ በየክለቡና በየልምምድ ስፍራው ሊለጠፍ ይገባል። ዝርዝሩ በየጊዜው የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ተተርጉሞ የሚተው ሥራ አይደለም። ከወሰኑ የወፈረ ጫማ ለልምምድ ተብሎ በገበያ መሸጡም ያልተከለከለ ስለ ሆነ፣ የአንድ ኩባንያ ሁለት ጫማዎች መልካቸው ተመሳስሎ አንዱ የተፈቀደ፣ ሌላው የተከለከለ ሊሆን እንደሚችል ለሯጩ ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ መለኪያ ነው። የሶል ውፍረት የሚለካው ተረከዙና የፊት መርገጫው ላይ ነው። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የዝርዝሩ ወረቀት፣ አንድ መለኪያና አንድ ታማኝ ሰው ይበቃል። ወደ ውጭ የሚሄድ ሯጭ ፓስፖርቱና ትኬቱ እንደሚታይለት ሁሉ፣ የሚወዳደርበት ጫማም ከመሳፈሩ በፊት ታይቶ፣ ያስመዘገበው ጫማና በሻንጣው ያለው ጫማ አንድ መሆናቸው ቢረጋገጥ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ የብዙ ዓመት ድካምን ያድናል። በሀገር ውስጥ ውድድር ላይም ይኸው ምርመራ ቢለመድ፣ ወጣቱ ሕጉን በቤቱ ለምዶ ይሄዳል እንጂ በሰው አገር አይደነግጥም።

ሦስተኛው የድሀው ጉዳይ ነው። 500 ዶላር የሚሸጥ ጫማ ከገበሬ ቤት ለወጣ ልጅ የማይታሰብ ነው። በማጣሪያ ሩጫ ላይ አንዱ ከኩባንያ የተሰጠውን ጫማ፣ ሌላው ያረጀ ጫማ አድርጎ ቢሮጡ፣ የሚመረጠው እግር መሆኑ ቀርቶ ጫማ ይሆናል። የመኪናው ደንብ ዝቅ ላለው ምርመራ እንዲጨመርለት እንዳሰበ ሁሉ፣ ለምርጫ በሚደረግ ሩጫ ላይ ለወጣቶች ተመሳሳይ ጫማ በውሰት የሚሰጥበት ወይም ለታዳጊዎች ዝቅ ያለ ወሰን የሚደነገግበት መንገድ ቢፈለግ፣ ሀገሪቱ እውነተኛውን ሯጭ ታገኛለች። ይህ ለድሀ መራራት ብቻ አይደለም፤ ለሀገር ጥቅም ማሰብ ነው። ጫማ አልባው ልጅ በወጣትነቱ ቢጣል፣ ነገ ድል ሊያመጣ የሚችለው እግር በመንደሩ ተደብቆ ይቀራልና።

በዚህ ሥራ የካህናቱና የመምህራኑም ድርሻ ትንሽ አይደለም። በገጠር ወረቀት የሚያነብለትን የሚሻ ሰው ወደ መምህሩና ወደ ቄሱ ይሄዳል። ለሩጫ የተነሣ ልጅ ውል እንዲፈርም ወረቀት ሲሰጠው፣ ወይም ጫማ ተሰጥቶት መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ሲሆንበት፣ ያነበበውን ሳያውቅ እንዳይፈርም፣ ያልተለካ ነገርም እንዳያደርግ የሚመክረው ሰው ያስፈልገዋል። ትክክለኛ ሚዛንን መጠበቅ፣ ሁለት ዓይነት መስፈሪያን መጸየፍ ከጥንት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነውና፣ ይህን ምክር ለመስጠት አዲስ መጽሐፍ መክፈት አያሻም።

እንዲሁም ሕጉ በሚወጣበት ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያ ድምፅ ሊሰማ ይገባል። በመኪናው ዓለም ኩባንያዎቹ ሕጉ ሲረቀቅ በአጠገቡ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ስለ ጫማም የሚሠሩት ኩባንያዎች አሳባቸውን ሳያሰሙ አይቀሩም። በእግሩ ዓለምን የሚያስደንቅ ሕዝብ፣ እግሩ ስለሚለካበት ልክ ሲነገር ዝም ቢል፣ ሌሎች የሰፉለትን ልብስ ብቻ የሚለብስ ይሆናል። ነገር ግን ለመናገር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሕጉን ያልተረጎመና ያልመረመረ ሰው በሸንጎ ቆሞ ስለ ሕጉ ሊሟገት አይችልም።

ሰው በሩጫ የሚያገኘው ክብር አላፊ ነው፤ ሐቅ ግን አያልፍም። የኢትዮጵያ ሯጮች ከአበበ ዘመን ጀምሮ ለሀገራቸው ያወረሱት ሀብት ሜዳልያ ብቻ ሳይሆን በንጹሕ መንገድ የተገኘ ስም ነው። ይህ ስም በአንድ ሳንቲሜትር እንዳይቀንስ መጠበቅ የሯጩ ብቻ ሳይሆን የሹሙም ግዴታ ነው። ሯጩ እግሩን ያበርታ፤ ሹሙ ልኩን ያስታውቅ፤ መምህሩ ሕጉን ያስረዳ። እንዲህ ከሆነ ከጉርድ ሾላ ተመዝግቦ የሚወጣ ሯጭ ሁሉ የሚፈራው ተቀናቃኙን እንጂ መለኪያውን አይሆንም፤ ያገኘውንም አክሊል ማንም አይወስድበትም።